ዮዮ የአዳኝ መሣሪያ አልነበረም፤ ታች ቀርቶ የሚሽከረከር ዮዮም አልተበላሸም

ሰሞኑን በጎንደር የቴሌግራም ቡድኖች ስለ ዮዮ ታሪክ፣ ማለትም ሁለት ክቦች በመሃል ዘንግ ተያይዘው በክር ስለሚወርዱበትና ስለሚወጡበት መጫወቻ፣ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ሰንብቷል። አጻጻፉ ይጥማል፤ ለዚህም ይመስላል ብዙ ሰው ሳያጣራ ያስተላለፈው። ይሁንና በውስጡ ካሉት ሐሳቦች ትልልቆቹ ስህተት ናቸው፤ መጨረሻው ላይ ያለው ምክር ደግሞ ደህናውን ዮዮ የሚያበላሽ ነው። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባላልና መጀመሪያ ጽሑፉ ያለውን እናስቀምጥ።

ሲጨመቅ እንዲህ ይላል። ዮዮ መጀመሪያ የፊሊፒንስ አዳኞች ዛፍ ላይ ወጥተው እንስሳ የሚጥሉበት መሣሪያ ነበር፤ ሁለት ኪሎ የሚጠጋ ድንጋይ ስድስት ሜትር ገመድ ላይ ተጠምጥሞ ይወረወርና መትቶ ወደ እጅ ይመለሳል። ከእነሱም በፊት ቻይናውያን ያውቁት ነበር። አሁን በልጆች እጅ የምናየውን ግን የፈለሰፈው አሜሪካዊው ዶናልድ ደንከን ነው፤ ቴሌቪዥን መጥቶ ልጆቹን ሲወስድበት ኩባንያው ከሰረ። ጸሐፊው በመሃል ወደ አገር ቤት ዞር ይሉና፣ ዮዮ ከእንዝርት የወጣ ስለሆነ የፋሲል ከተማ ልጆች ከፈረንጅ ቀድመው ሳይጫወቱበት አይቀርም ይላሉ። ማሳረጊያው ምክር ነው፦ ክሩን ዘንጉ ላይ አጥብቃችሁ እሰሩ፣ ታች ደርሶ የማይመለስ ዮዮ አትግዙ፣ ዘንጉን ዘይት ቀቡት።

ትክክል የሆኑበትን አንነፍጋቸውም። ስሙ ወደ ዓለም የወጣው ከፊሊፒንስ ነው፤ የፊሊፒንስ ሰዎችም ዮዮን ከእንጨት በመቅረጽና በመጫወት የተካኑ ነበሩ። ደንከንም መጫወቻውን አገር ለአገር እንዳዳረሰው የሚካድ አይደለም። ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

አሁን ወደ አዳኞቹ። ወሬው የጸሐፊው ፈጠራ አይደለም። ለአሥርት ዓመታት ሲደጋገም የኖረ፣ የዮዮ ሻጮችም ለገበያቸው ያናፈሱት ነው። ግን ውሃ አያነሳም፤ ይህን ለማወቅ ደግሞ ፊሊፒንስ መሄድ አያስፈልግም፣ ሂሳቡ ይበቃል። ዮዮ ሲወርድ እንደ ድንጋይ በነጻ አይወድቅም። ክሩ ከዘንጉ ላይ እየተተረተረ ስለሚያሽከረክረው፣ ከውድቀቱ የሚገኘው ጉልበት አብዛኛው የሚያልቀው በመሽከርከር ነው። ዘንጉ 8 ሚሊሜትር፣ ክቡ አካል 56 ሚሊሜትር ስፋት ቢኖረው፣ ማለትም አካሉ የዘንጉን ሰባት እጥፍ ቢሆን፣ ወደ ታች እየፈጠነ የሚሄድበት መጠን በነጻ ከሚወድቅ ነገር ሃያ አምስት ጊዜ ያህል ያንሳል።

ይህን ወደ ስድስት ሜትሩ ዛፍ እናምጣው። ዝም ብሎ የተለቀቀ ድንጋይ ከ1 ሰከንድ ብዙም ሳይዘገይ መሬት ይደርሳል፤ ሲደርስም በሰከንድ 11 ሜትር ያህል ይበራል። ያው ድንጋይ በተመሳሳይ ልክ ተሠርቶ ገመድ ላይ ተጠምጥሞ ቢለቀቅ ግን 5 ሰከንድ ተኩል ያህል ይፈጅበታል፤ ሲደርስ ፍጥነቱ በሰከንድ 2 ሜትር ከትንሽ ነው። የሚመታበት ኃይልም በሃያ አምስት እጥፍ ያነሰ ይሆናል። እንግዲህ ይህ አዳኝ ጥሩ ድንጋይ ይዞ ዛፍ ላይ ከወጣ በኋላ ድንጋዩን የሚያደክም ገመድ ጠመጠመበት ማለት ነው። ሚዳቋዋም አምስት ሰከንድ ሙሉ ቀና ብላ እያየች ትጠብቃለች።

«በኃይል ይወረውረዋላ» የሚል ይኖራል። ይወርውረው። ገመዱ ዘንጉን በያዘበት ቅጽበት ውርወራውም ወደ መሽከርከር ይለወጣል፤ የዮዮ ሥራው ይኸው ነው። መመለሱ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ዮዮ ወደ እጅ የሚመለሰው ታች ደርሶም እየተሽከረከረ ስለሆነ ብቻ ነው፤ አንድ ነገር ከመታ መሽከርከሩ ይሞታል፣ ክሩ ላይ ተመልሶ የሚወጣበት አቅምም አይኖረውም። ይህን በማንኛውም የፕላስቲክ ዮዮ ወለሉን አስመትቶ ማየት ይቻላል፤ ክሩ ጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። ድንጋይ በገመድ አስሮ መወርወርና በእጅ መጎተት በእርግጥ ይቻላል። እሱ ግን በገመድ የታሰረ ድንጋይ ነው፤ ዮዮ አይደለም።

ቻይና ቶሎ ታልፋለች። ብዙ ጊዜ ከዮዮ ጋር የሚምታታው የቻይናው መጫወቻ ሁለት ዱላዎች መካከል በተወጠረ ክር ላይ የሚሽከረከር ነው። ክሩ ከአካሉ ጋር አልተያያዘም፣ አይጠመጠምበትም፤ ወደ ላይ ሲወረወር ጭራሽ ተለይቶት ይሄዳል። አሠራሩ ሌላ ነው።

የሚገርመው ጽሑፉ ቻይናን አንስቶ ግሪክን መዝለሉ ነው። እጅ ላይ ያለው ጥንታዊ ማስረጃ ያለው እዚያ ነው። በርሊን ውስጥ የሚገኝ፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 440 ገደማ የተሠራ የግሪክ ጽዋ ላይ አንድ ልጅ ክብ ነገር በክር አንጠልጥሎ ሲጫወት ተስሏል። በመሃላቸው ዘንግ ያላቸው ጥንድ የሸክላ ክቦችም ተገኝተዋል። የሸክላዎቹ ነገር ግን እስከ ዛሬ ያከራክራል። ጎንደር አጠገብ ወለቃ ሄዶ የሸክላ ሥራ ያየ ሰው ሸክላ ወለል ሲነካ ምን እንደሚሆን አይጠፋውምና፣ እነዚያ ክቦች ምናልባት ለጨዋታ ሳይሆን ለአማልክት ስጦታ የተሠሩ ናቸው የሚሉ አሉ። የጽዋው ሥዕል ግን ግልጽ ነው። ከጎንደር መቆርቆር፣ ከ1636 ገደማ፣ ከ2000 ዓመት በላይ ይቀድማል፤ ስለ ፋሲል ከተማ ልጆች ቀዳሚነት የተባለው እዚህ ላይ ያበቃል። ደግሞስ ጸሐፊው ለዚያ ያቀረቡት «ሳይጫወቱበት አይቀርም» የሚል ግምት ብቻ ነው፤ አንድ ሥዕል፣ አንድ የብራና ጽሑፍ፣ አንድ ዕቃ አላሳዩም።

ደንከን ፈለሰፈው የሚለውን ለማፍረስ ሁለት ዓመተ ምሕረት ይበቃል። በ1780ዎቹና በ1790ዎቹ ፈረንሳይ ውስጥ ዮዮ የመኳንንት ፋሽን ነበር። በ1866 ደግሞ ጄምስ ሄቨንና ቻርልስ ሄትሪክ የተባሉ የአሜሪካ ኦሃዮ ሰዎች በዚሁ መጫወቻ ላይ ላደረጉት ማሻሻያ የባለቤትነት መብት አስመዝግበዋል። ደንከን የተወለደው በ1892 ነው።

ጽሑፉ ጨርሶ ስሙን ያላነሳው ሰው ፔድሮ ፍሎሬስ ነው፤ ትልቁ ጉድለትም ይህ ነው። ፍሎሬስ በሰሜን ፊሊፒንስ ኢሎኮስ ኖርቴ፣ ቪንታር ተወልዶ በ1915 ወደ አሜሪካ ሄደ። ሕግ ጀምሮ አቋረጠ፣ ሆቴል ውስጥ ሻንጣ ተሸካሚ ሆኖ ሠራ። በ1928 ሳንታ ባርባራ፣ ካሊፎርኒያ ውስጥ የዮዮ ፋብሪካውን ሲከፍት የጀመረው በእጅ በተሠሩ 12 ዮዮዎች ነበር። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1929 ኅዳር ላይ፣ ሦስት ፋብሪካዎች ውስጥ 600 ሠራተኞች ቀጥሮ በቀን 300,000 ያመርት ነበር። ደንከን በ1930ዎቹ መጀመሪያ የገዛው ይህን በሁለት እግሩ የቆመ ድርጅት ከነስሙ ነው። ደንከን ጎበዝ ነጋዴ ነበር፤ ከተማ ለከተማ የሚዞሩ የፊሊፒንስ ተጫዋቾችን ቀጥሮ ሱቅ በር ላይ ውድድር ያስደርግ ነበር። ፈልሳፊ ግን አልነበረም። ፍሎሬስም ራሱ ፈለሰፍኩት ብሎ አያውቅም።

ፍሎሬስ ለገበያ ያመጣው ነገር ክሩ ዘንጉ ላይ የሚያርፍበት መንገድ ነው። የጽሑፉ ምክር ከታሪክ ስህተቱ ይበልጥ ጎጂ የሚሆነውም ከዚህ የተነሳ ነው። በምዕራባውያኑ አሮጌ ዮዮ ክሩ ዘንጉ ላይ ታስሮ ነበር። የታሰረ ክር አንድ ነገር ብቻ ያደርጋል፦ ዮዮው ይወርዳል፣ ክሩ ሲያልቅ ወዲያው በተቃራኒ አቅጣጫ ተጠምጥሞ ይወጣል። ሌላ ጨዋታ የለውም። በፍሎሬስ ዮዮ ክሩ አልታሰረም፤ በቀለበት መልክ ዘንጉን አቅፎት ነበር። ዮዮው ታች ሲደርስ ዘንጉ በቀለበቱ ውስጥ እየተንሸራተተ እዚያው ይሽከረከራል። ተጫዋቾች ይህን «ማስተኛት» ይሉታል። ጣት ቀስ ብሎ ወደ ላይ ሳብ ሲደረግ ክሩ ለቅጽበት ይላላል፤ የላላው ክር በሁለቱ ጎኖች ግድግዳ ይያዝና ዘንጉ ላይ አንድ ዙር ይጠመጠማል፣ ከዚያ ዮዮው ራሱን እየጠቀለለ ይወጣል። መሬት ላይ ማንከባለሉም፣ ማወዛወዙም፣ ክሩን በጣት ሸምኖ ቅርጽ ማውጣቱም የሚቻለው ዮዮው ስለተኛ ነው።

ስለዚህ «ታች ቀርቶ የማይመለስ ዮዮ የተበላሸ ነው» ማለት ነገሩን መገልበጥ ነው። ሱቅ ውስጥ ሲፈተሽ መታየት ያለበት ዮዮው ታች ሆኖ እየተሽከረከረ ነው ወይስ ቆሟል የሚለው ነው። እየተሽከረከረ ካልተመለሰ ጣት አልሳበውም፣ ወይም ቀለበቱ ላልቷል። ቆሞ ከተንጠለጠለ ውርወራው ደካማ ነበር፤ መዳፍን ወደ ላይ አድርጎ፣ ክንድን አጥፎ፣ ክሩ ከመሃል ጣት ተነስቶ በዮዮው አናት በኩል ወደ ፊት እንዲወርድ ይዞ መወርወር ነው። ክሩ ከሥር በኩል ከወጣ ማንም ቢወረውረው አይተኛም።

በነገራችን ላይ ዮዮ ከዚህ ምድር ወጥቶም ተሞክሯል። በ1985 ሚያዝያ ዲስከቨሪ የተባለችው መንኮራኩር መጫወቻዎችን ይዛ ስትወጣ አንዱ ዮዮ ነበር። ክብደት በማይሰማበት ቦታ ዮዮው ወደ እጅ መመለሱን አላቆመም፤ ያቃተው መተኛት ነው። ክሩን ወጥሮ የሚይዝለት ክብደት ስለሌለ ጫፍ እንደደረሰ ወዲያው ይመለሳል።

ክሩን ዘንጉ ላይ አጥብቃችሁ እሰሩ የሚለውን ምክር የተከተለ ልጅ እንግዲህ 1928ን ወደ 1866 መለሰው ማለት ነው። ማድረግ ያለበት ይኸው፦ አንድ ወጥ ክር ለሁለት ታጥፎ እርስ በርሱ የከረረ የዮዮ ክር ገዝቶ ወይም ሠርቶ፣ ቋጠሮ የሌለበትን ጫፍ በሁለት ጣት ከክረቱ በተቃራኒ ማፍታታት፤ ክሩ ለሁለት ተከፍሎ ቀለበት ይሆናል። ቀለበቱን በዮዮው ጎን አሳልፎ ዘንጉ ላይ ማስገባትና ክሩ ተመልሶ እንዲከር መልቀቅ ነው። ጀማሪ ቶሎ እንዲመለስለት ከፈለገ ቀለበቱን አንዴ ጠምዝዞ ሁለተኛ ዙር ዘንጉ ላይ ቢደርበው ይበቃዋል፤ ቋጠሮ አያስፈልግም። ለቁመት፣ ዮዮውን ወለል ላይ አሳርፎ ክሩን ወደ ላይ ዘርግቶ ከእምብርት በላይ አራት ጣት ያህል አስተርፎ መቁረጥ፤ ትርፉ ለመሃል ጣት ማስገቢያ ቋጠሮ ይውላል።

የእንዝርቱ ነገር የሚመጣው እዚህ ጋ ነው፤ ጸሐፊው ባሰቡት መንገድ ግን አይደለም። እንዝርትና ዮዮ የሚመሳሰሉት አንዴ ከተሽከረከሩ ክብደታቸው መሽከርከራቸውን ስለሚያቆይላቸው ነው፤ ይህን እንቀበላለን። ከዚያ በላይ ግን መንገዳቸው ይለያያል። ፈታይ እንዝርቱን ጭኗ ላይ ወይም በጣቷ አሽከርክራ ጥጡን እያከረረች ክር ታወጣለች፤ የወጣውን ፈትል እንዝርቱ ላይ የምትጠመጥመው ራሷ ናት። እንዝርት ክሩን ይዞ አይወጣም፣ አይወርድም። በዮዮ ሥራው ተገልብጧል፤ ክሩ ነው አካሉን የሚያሽከረክረው። ሁለት ቀዳዳ ተበስቶለት ክር የሚሾልክበት፣ በሁለት እጅ ሲሳብና ሲላላ እንደ ንብ የሚጮኸው የልጆች ቆርኪም ሌላ ነው፤ እሱ ዘንግ እንኳ የለውም።

እንዝርት ለዮዮ የሚጠቅመው በክሩ በኩል ነው። በጎንደር ቤቶች ክር ማክረር የማያውቅ እናት ጥቂት ናት፤ የዮዮ ክርም የሚሠራው በዚያው ጥበብ ነው። ስምንት ቀጫጭን የጥጥ የስፌት ክሮችን 2 ሜትር ተኩል እያደረጉ መቁረጥ፤ አንዱን ጫፍ በምስማር አስሮ ሌላውን በአንድ አቅጣጫ ማክረር፤ ትንሽ ሲላላ እዚያው ቁጥርጥር ማለት ሲጀምር በቅቶታል። ከዚያ መሃሉን ይዞ ሁለቱን ጫፎች ማገናኘትና መሃሉን መልቀቅ ነው፤ ራሱ በተቃራኒው ተጠማዝዞ አንድ ሜትር ከትንሽ የሚሆን ክር ይወጣዋል። የታጠፈው መሃል የዘንጉ ቀለበት ነው፤ ክፍቶቹ ጫፎች ይቋጠራሉ። ከቅዳሜ ገበያ የሚገዛ የእጅ ፈትል ለዚህ አይመከርም። ለጋቢ ያምራል፤ ግን ውፍረቱ ወጥ አይደለም፣ እብጠት ያለበት ቦታ በሁለቱ ጎኖች መካከል ይያዝና ዮዮውን ያለሰዓቱ ይመልሰዋል። ናይለን ከዚህ ይብሳል፤ በእንጨት ዘንግ ላይ ሰበቃው አሙቆ ያቀልጠዋል።

ክሩ እየተጫወቱበት ክረቱ ይለወጣል። ብዙ ሲከር ቀለበቱ ዘንጉን አንቆ ዮዮው መተኛት ያቅተዋል፣ ክሩም እየተቆላለፈ ያስቸግራል፤ ብዙ ሲላላ ቀለበቱ ይከፈትና ሲሳብም አይመለስም፣ ይበጠሳልም። መፍትሔው ክሩን ከጣት አውልቆ ዮዮውን ይዞ ጫፉን ወደ ታች መልቀቅ ነው፤ ትርፉን ራሱ ይፈታል።

ከፍሎሬስ ወዲህ ያለው የዮዮ ታሪክም ክርና ዘንግ እንዴት ይገናኙ የሚል ነው፤ ጽሑፉ ይህን ዘሎታል። በ1978 ቶም ኩን የተባለ የሳን ፍራንሲስኮ የጥርስ ሐኪም ተፈታትቶ የሚገጠም፣ ዘንጉ ሲያልቅ የሚቀየር የእንጨት ዮዮ አወጣ። በ1980 ገደማ ማይክል ካፍሪ ውስጡ በስፕሪንግ የሚሠራ መያዣ አስገባበት፤ ዮዮው በፍጥነት ሲሽከረከር መያዣው ይከፈታል፣ ሲደክም ዘንጉን ይጨብጥና ራሱ ይመለሳል። «ብቻውን የሚመለስ» የሚባለው ዮዮ ይኸኛው ነው፤ ለጀማሪ ደግ ነው፣ መተኛቱን ግን ተጫዋቹ ሳይሆን ስፕሪንጉ ይወስንለታል። ቀጥሎ ኩሽኔታ መጣ። ዛሬ በውድድር ላይ የሚታዩት አብዛኞቹ ዮዮዎች ኩሽኔታ ያላቸው፣ በመካከላቸው ሰፊ ክፍተት ያለ ናቸው፤ እነዚህ ቢስቧቸውም አይመለሱም። ተጫዋቹ ክሩን ዮዮው አጠገብ አጥፎ ወደ ክፍተቱ በማስገባት እያወቀ ማስያዝ አለበት። በጸሐፊው መለኪያ ከሄድን አብዛኞቹ የዓለም ሻምፒዮኖች የተበላሸ ዮዮ ይዘው ነው የሚወዳደሩት።

የደንከን ኪሳራም እንደተባለው አይደለም። ቴሌቪዥን ልጆቹን አልወሰደበትም፤ እንዲያውም ቀጥሮት ነበር። ኩባንያው በቴሌቪዥን ማስታወቂያ ገፍቶ በ1962 የመጨረሻውን ከፍተኛ ሽያጭ አስመዘገበ፤ 45 ሚሊዮን ዮዮ እንደሸጠ ይነገራል። የጎዳው የማስታወቂያው ወጪ፣ ፍላጎቱን ለማድረስ የከፈለው የትርፍ ሰዓት ሥራና ስሙን ለብቻው ለማስቀረት የገባበት ክርክር ነው። በ1965 የይግባኝ ፍርድ ቤት፣ ሮያል ቶፕስ ከተባለ ተፎካካሪ ጋር በነበረው ክርክር፣ «ዮዮ» የመጫወቻው የወል ስም ስለሆነ የአንድ ድርጅት ንብረት ሊሆን አይችልም ብሎ ወሰነ። የደንከን ኩባንያ በዚያው ዓመት ከሰረ። በ1968 ፍላምቦ የተባለ የፕላስቲክ ፋብሪካ ስሙን ገዛው።

የቀረው ዘይቱ ነው። ዘንጉ እንጨት ከሆነ ዘይት የሚባል ነገር አይነካውም። እንጨቱ ይመጠዋል፣ ክሩ ይርሳል፤ መጀመሪያ ከመጠን በላይ ይንሸራተትና አይመለስም፣ ቆይቶ አቧራ ሰብስቦ ይጣበቃል። እንጨት የሚፈልገው ደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ለጥቂት ጊዜ አዙሮ ማለስለስ ብቻ ነው። ኩሽኔታ ላለው ዮዮ የልብስ ስፌት መኪና ዘይት አንድ ጠብታ ይበቃል። የምግብ ዘይት ይደርቅና ይጣበቃል፤ ግራሶ ከተቀባ ኩሽኔታው ከብዶት ዮዮው ሳይታሰብ እየተመለሰ ጣት ይመታል። ምክሩን ሰምቶ የቀባ ሰው ካለ አይጣለው። ዮዮውን ፈትቶ ኩሽኔታውን ማውጣት፣ ክዳን ባለው ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ላምባ ጨምሮ ለጥቂት ደቂቃ መናጥ፣ ላምባውን ቀይሮ መድገም፤ በንጹህ ጨርቅ ላይ አውጥቶ ከእሳት ርቆ በደንብ እስኪደርቅ ማቆየት። በጣት ሲያሽከረክሩት ድምፅ ሳያሰማ ጥቂት ሰከንድ ከዞረ ድኗል፤ ወዲያው ከቆመ ገና ግራሶ አለበት፤ ከተንኳኳ ግን አሸዋ ገብቶበታልና መቀየር ነው።